የሚሸጠውና የሚመርዘው፦ እርሳስና ሌሎች አደገኛ ንጥረ ነገሮች በኮምፒውተር ክፍሎች ውስጥ

መግቢያ

በአማርኛ «እርሳስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ተማሪ የሚጽፍበት መሣሪያ ሲሆን ሁለተኛው ለስላሳ፣ ከባድና በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት ነው። በጽሕፈት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ዘንግ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት በመሆኑ ከብረቱ ጋር ከስም በቀር ዝምድና የለውም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ብረቱ ነው። ይህ ብረት ለበርካታ አሥርት ዓመታት የኮምፒውተር ክፍሎች እርስ በርስ የተያያዙበት፣ የቀድሞዎቹ ሞኒተሮች መስታወት የተሠራበትና መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጡ ባትሪዎች የተሞሉበት ቁስ ነው።

እርሳስ መርዛማ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ በኮምፒውተር ውስጥ መኖሩም ምስጢር አይደለም። ብዙ ጊዜ ሳይብራራ የሚቀረው መርዙ ከመሣሪያው ወጥቶ ወደ ሰው አካል የሚደርስበት መንገድ ነው። ይህ ባለመብራራቱ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዱ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ብቻውን ይመርዛል የሚል መሠረት የሌለው ፍርሃት ነው። ሌላው ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር እንደ ማንኛውም ውዳቂ ብረት ተሽጦ ሊገላገሉት ይቻላል የሚል፣ ከፍርሃቱም የባሰ ግድየለሽነት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ያሉት አደገኛ ንጥረ ነገሮች መሣሪያው ሳይፈታ እስካለ ድረስ በአብዛኛው ታስረው ይኖራሉ። አደጋው የሚጀምረው የሚሸጠው ክፍል ከማይሸጠው በሚለይበት ጊዜና ቦታ፣ ማለትም በመፈታት፣ በመቃጠልና በአሲድ በመታጠብ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ኮምፒውተሩን ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚያስረክብ መወሰኑ ከንብረት አስተዳደር ጉዳይ አልፎ የጤና ውሳኔ ነው።

በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ምን አለ?

የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ፣ በተለምዶ ማዘርቦርድ የሚባለው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች የተበየዱበት ነው። እነዚህን ክፍሎች ለማያያዝ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ቅይጥ 63 በመቶ ቆርቆሮ እና 37 በመቶ እርሳስ የያዘ ነበር። መሐንዲሶች ይህን ምጣኔ የመረጡት በምክንያት ነው። ንጹሕ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ንጹሕ ቆርቆሮ ደግሞ በ232 ዲግሪ ሲቀልጡ ቅይጡ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ዝቅተኛው ሙቀት ስስ የሆኑትን ክፍሎች ከመቃጠል ያድናል፤ ቅይጡም በአንድ ጊዜ ቀልጦ በአንድ ጊዜ ስለሚረጋ ብየዳው ጠንካራ ይሆናል። በአንድ ማዘርቦርድ ብየዳ ውስጥ የሚገኘው የእርሳስ መጠን በግራሞች የሚቆጠር ነው።

በቀድሞዎቹ ባለ ሆድ ሞኒተሮች ውስጥ ግን መጠኑ ከዚህ በጣም ይልቃል። በእነዚህ ሞኒተሮች ውስጥ ያለው የምስል ቱቦ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚሠራ ኤክስሬይ ያመነጫል። ጨረሩ ወደ ተመልካቹ እንዳያልፍ ለመከላከል የቱቦው መስታወት እርሳስ ይጨመርበታል። በተለይ የኋለኛው፣ ማንቆርቆሪያ መሰሉ ክፍል፣ ከክብደቱ 20 በመቶ በላይ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። በዚህም ምክንያት አንድ ሞኒተር ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ግራም ገደማ እርሳስ ሊይዝ ይችላል። ተጠቃሚውን ከጨረር የጠበቀው ብረት ሞኒተሩ ሲሰበር ለአፈሩና ለውሃው ስጋት ይሆናል።

ከእርሳስ ሌላ በርካታ ንጥረ ነገሮች አሉ። ኤልኢዲ ከመስፋፋቱ በፊት የነበሩት ጠፍጣፋ ሞኒተሮችና ላፕቶፖች ከስክሪኑ ጀርባ ሜርኩሪ የያዙ ቀጫጭን የፍሎረሰንት መብራቶች ነበሯቸው። ካድሚየም በአሮጌ ኒኬል ካድሚየም ባትሪዎችና በአንዳንድ የምስል ቱቦዎች የውስጥ ቅብ ውስጥ ይገኛል። የብረት ክፍሎችን ከዝገት ለመጠበቅ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም የተባለው ካንሰር አምጪ የክሮሚየም ዓይነት ጥቅም ላይ ውሏል። ፕላስቲኩ በቀላሉ በእሳት እንዳይያያዝ ብሮሚን ያለባቸው ውህዶች ይጨመሩበት ነበር፤ ከእነዚህ መካከል ፒቢዲኢ የተባሉት በሰውና በእንስሳት ስብ ውስጥ እየተከማቹ የሚቆዩ ናቸው። የኤሌክትሪክ ገመዶች ደግሞ ክሎሪን ባለበት ፒቪሲ ፕላስቲክ ይሸፈናሉ።

በዚሁ ሣጥን ውስጥ ገበያ የሚፈልጋቸው ቁሶችም አሉ። በገመዱ ውስጥ መዳብ፣ በማቀዝቀዣው አሉሚኒየም፣ በሽፋኑ ብረት፣ በማገናኛ ጥርሶቹና በቺፖቹ ውስጥ ወርቅ ይገኛል። በአንድ ቶን የሰርኪዩት ሰሌዳ ውስጥ ያለው የወርቅ መጠን በአንድ ቶን የወርቅ ማዕድን አፈር ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ሀብትም መርዝም ነው። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ቦታ መኖራቸው ሳይሆን ሲለያዩ ሀብቱ ወደ ገበያ፣ መርዙ ወደ መንደር መሄዱ ነው።

እርሳስ በሰው አካል ውስጥ

እርሳስ በሰውነት ውስጥ የሚሰጠው አንዳችም ጥቅም የለም። ጉዳቱ የሚመነጨው ከካልሲየም ጋር ባለው መመሳሰል ነው። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም መለየት ስለሚሳነው ወደ አጥንት ያስገባዋል፤ ወደ አንጎል እንዲያልፍም በር ይከፍትለታል። በአንጎል ውስጥ ነርቮች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ሥርዓት ያውካል። በደም ውስጥ ደግሞ ሄሞግሎቢን ለመሥራት የሚያስፈልጉ ኢንዛይሞችን ስለሚያግድ የደም ማነስን ያስከትላል። በአዋቂዎች ላይ የደም ግፊትንና የኩላሊት ጉዳትን ያመጣል።

ሕፃናት ከአዋቂዎች ይልቅ ለአደጋው የተጋለጡ ናቸው። መሬት ላይ ይድኻሉ፤ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ፤ አንጎላቸውም ገና በማደግ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ወደ ደማቸው የሚያሳልፉት ከአዋቂዎች ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ሕፃኑ የብረት ወይም የካልሲየም እጥረት ካለበት ደግሞ የሚያሳልፈው መጠን ይጨምራል። ስለዚህ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በተመሳሳይ አቧራ ውስጥ ከሚጫወት በደንብ ከተመገበ ሕፃን የበለጠ ይመረዛል። ድህነትና መርዝ የሚደጋገፉበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

እርሳስ በደም ውስጥ የሚቆየው በሳምንታት የሚለካ ሲሆን በአጥንት ውስጥ ግን ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት በምታረግዝበት ጊዜ ከአጥንቷ የሚወጣው ካልሲየም እርሳሱንም አብሮ ወደ ደሟ ሊያወጣውና ወደ ፅንሱ ሊያሻግረው ይችላል። በወጣትነት የተጠራቀመ መርዝ በዚህ ዓይነት ወደሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል።

በሕፃናት ደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን የሚለካው በዲሲ ሊትር ደም በሚገኝ ማይክሮ ግራም ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1991 አሳሳቢ ያለው መጠን 10 ማይክሮ ግራም ነበር። ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 5፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ወደ 3.5 ዝቅ ብሏል። ቁጥሩ እየወረደ የመጣው ምርምር በገፋ ቁጥር ትንሽ የተባለውም መጠን በማሰብና በመማር ችሎታ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ በመረጋገጡ ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስታውቃል።

መርዙ የሚፈታው መቼ ነው?

በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር እርሳስ አይተንፍስም። በብየዳው ውስጥ ያለው እርሳስ ጠጣር ብረት ነው፤ በሞኒተሩ ውስጥ ያለውም ከመስታወቱ ጋር የተዋሐደ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው ከመሣሪያው የሚደርስበት የእርሳስ ጉዳት የለም ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ደረጃ ጥገና ነው። ብዙ ሰዎች በብየዳ ጊዜ የሚወጣው ጭስ የእርሳስ ጭስ ነው ብለው ያምናሉ። የመበየጃው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 350 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ እርሳስ የሚፈላው በ1,749 ዲግሪ በመሆኑ በዚህ ሙቀት የሚተነው እርሳስ እጅግ ጥቂት ነው። የሚታየው ጭስ የሚመጣው ብየዳው እንዲይዝ ከሚረዳው ሙጫ መሰል ቁስ ነው፤ እርሱም ቢሆን የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፣ አስምም ሊያስከትል ይችላል። በጥገና ቤት እርሳስ ወደ ሰውነት የሚገባበት ዋናው መንገድ እጅ ነው። ቅይጡን በእጁ ሲነካ የዋለ ጠጋኝ ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ መርዙን ይውጠዋል። ከጠረጴዛው የተራገፈው አቧራም በልብሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ቤቱ፣ ወደ ልጆቹ ይደርሳል። ስለዚህ ለጠጋኝ ውሃና ሳሙና ከአፍ መሸፈኛ የማይተናነስ መከላከያ ነው።

ሦስተኛውና አደገኛው ደረጃ ማቃጠልና በአሲድ ማጠብ ነው። እርሳስ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ወደ አየር የሚወጣው ብናኝ በግልጽ ይጨምራል፤ በሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ደግሞ ከዚህ ሙቀት በቀላሉ ያልፋል። መዳቡን ለማውጣት በፒቪሲ የተሸፈነ ገመድ ሲቃጠል ክሎሪኑ፣ ካርቦኑና መዳቡ ተዳምረው ዳይኦክሲን ለሚባሉ እጅግ መርዛማ ውህዶች መፈጠር አመቺ ሁኔታን ይፈጥራሉ። ወርቁን ለማውጣት ሰሌዳው በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ሲነከር ወርቁ ብቻ ሳይሆን እርሳሱና ሌሎቹም ብረቶች ይሟሟሉ። ወርቁ ከተወሰደ በኋላ የቀረው ፈሳሽ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ ይደፋል።

መስታወቱም ቢሆን ሲደቅ ባሕርዩ ይለወጣል። በአሜሪካ አንድ ቆሻሻ አደገኛ መሆኑ የሚለየው የቆሻሻ መጣያን ሁኔታ በሚመስል አሲዳማ ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ውስጥ የተገኘው እርሳስ 5 ሚሊ ግራም ከደረሰ አደገኛ ይባላል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የምስል ቱቦዎችን አድቅቀው በዚህ መንገድ ሲመረምሩ ያገኙት አማካይ መጠን 18.5 ሚሊ ግራም ነበር።

እነዚህ ሁሉ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የጉዩ ከተማ አሳይታለች። በዚያ ከሌሎች አገሮች የመጡ ኮምፒውተሮች በየመኖሪያ ቤቱ ይፈቱ፣ ሰሌዳዎቹም በከሰል ምድጃ ላይ እየተጋሉ ቺፖቻቸው ይነቀሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከ6 ዓመት በታች የሆኑ የጉዩ ሕፃናትን ይህ ሥራ ከማይካሄድባት ከጎረቤት ከተማ ከቼንዲያን ሕፃናት ጋር አነጻጽሯል። የጉዩ ሕፃናት አማካይ የደም እርሳስ 15.3 ማይክሮ ግራም፣ የቼንዲያኖቹ ደግሞ 9.94 ነበር። በጊዜው መለኪያ ከነበረው ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ የተገኘባቸው በጉዩ 81.8 በመቶ፣ በቼንዲያን 37.7 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ሕፃናት ኮምፒውተር አልተጠቀሙም፤ የኖሩት ኮምፒውተር በሚፈታበት ቤት አጠገብ ነው።

ገደቡና «ከሊድ ነፃ» የሚለው ምልክት

የአውሮፓ ኅብረት ለችግሩ የሰጠው መልስ ከምንጩ መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ ሮኤችኤስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው መመሪያ በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ስድስት ንጥረ ነገሮችን ገድቧል። እነርሱም እርሳስ፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ሄክሳቫለንት ክሮሚየም እና ፒቢቢና ፒቢዲኢ የተባሉት ሁለት የብሮሚን ውህድ ዓይነቶች ናቸው። ገደቡ በእያንዳንዱ ወጥ ቁስ ውስጥ 0.1 በመቶ ሲሆን ለካድሚየም 0.01 በመቶ ነው። ከሐምሌ 2019 ጀምሮም ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚጨመሩ አራት የታሌት ውህዶች በዝርዝሩ ተካተዋል። አምራቾች ለአውሮፓ አንድ፣ ለሌላው ዓለም ሌላ ኮምፒውተር ማምረት ስለማያዋጣቸው የገደቡ ውጤት ከአውሮፓ ወሰን አልፎ ሄዷል።

በእርሳሱ ምትክ የመጣው ቅይጥ በብዛት ቆርቆሮ፣ ብርና መዳብ የያዘ ነው። ይህ ቅይጥ የሚቀልጠው በ217 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ፋብሪካዎች የበለጠ ሙቀት እንዲጠቀሙ፣ ክፍሎችም ሙቀቱን እንዲችሉ ሆነው እንዲሠሩ አስገድዷል። እንዲያም ሆኖ «ከሊድ ነፃ» ማለት እርሳስ ጨርሶ የለበትም ማለት አይደለም። መመሪያው ምትክ ላልተገኘላቸው አገልግሎቶች የተለየ ፈቃድ ይሰጣል። ለምሳሌ ከፍተኛ ሙቀት እንዲችሉ ታስበው የሚሠሩና ከ85 በመቶ በላይ እርሳስ የያዙ የብየዳ ቅይጦች፣ እስከ 4 በመቶ እርሳስ የሚገኝባቸው የመዳብ ቅይጦች፣ እንዲሁም በአንዳንድ ክፍሎች መስታወትና ሴራሚክ ውስጥ ያለው እርሳስ ተፈቅዶላቸዋል።

ገደቡ ትልቅ ለውጥ ያመጣ ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ሊፈታ አይችልም። አንደኛ፣ ከ2006 በፊት የተሠሩት ዕቃዎች አሁንም በየመጋዘኑና በየቤቱ አሉ። ሁለተኛ፣ ከሊድ ነፃ የሆነ ሰሌዳም ቢሆን ሲቃጠል ከፕላስቲኩና ከገመዱ የሚወጣው ጭስ መርዛማነቱ አይቀርም። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ዕቃ በመጥፎ ሁኔታ ከተወገደ ጉዳቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ከገደቡ ውጭ የቀረው እርሳስ፦ ዩፒኤስ

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ከኮምፒውተሩ ጎን ዩፒኤስ ይቀመጣል። በአነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ሲሆን ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስና የእርሳስ ውህድ ነው። ሮኤችኤስ ባትሪዎችን አይመለከትም፤ በአውሮፓ የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ «ከሊድ ነፃ» የሚል ምልክት ያለበት አዲስ ኮምፒውተር የገዛ መሥሪያ ቤት ለዚያው ኮምፒውተር በገዛው ዩፒኤስ አማካይነት ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ እርሳስ ወደ ቢሮው ያስገባል። ባትሪው ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚደክም በአንድ ኮምፒውተር ዕድሜ ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀየራል።

የባትሪ እርሳስ እንደ ብየዳው እርሳስ በጥቂቱ የተበታተነ አይደለም፤ በቀላሉ ይወጣል፣ ቀልጦም ይሸጣል። ይህም ንግዱን ማራኪ፣ አደጋውንም ከባድ ያደርገዋል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አቅራቢያ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር ነዋሪዎች ከአሮጌ ባትሪዎች የተራገፈ እርሳስ የተቀላቀለበትን አሸዋ እያነፈሱ እርሳሱን ይለቅሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ወራት በዚያ ሠፈር 18 ሕፃናት ሞቱ። ምርመራውም በሠፈሩ ነዋሪዎች ላይ ከባድ የእርሳስ መመረዝ መኖሩን አረጋገጠ። የተመረዙት በባትሪ ፋብሪካ የሚሠሩ አልነበሩም፤ እናቶቻቸው አሸዋውን ሲያነፍሱ አጠገባቸው የተቀመጡ ልጆች ነበሩ።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ሪፖርት በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ እንደተፈጠረ፣ ከዚህም በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ድንበር እንዳይሻገር የሚቆጣጠረው የ1989ኙ የባዝል ስምምነት፣ እንዲሁም አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክለው የ1991ዱ የባማኮ ስምምነት አባል ናት። በአገር ውስጥም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥተዋል። በአዲስ አበባ አቃቂ አካባቢም ያረጁ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን በእጅ የሚፈታ ማዕከል ተቋቁሟል። እንግዲህ የሕግ ክፍተት አለ ለማለት ያስቸግራል። ክፍተቱ ያለው በሕጉና በገበያው መካከል ነው።

ገበያው የቆየ ሥርዓት አለው። ቆራሌው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ያገለገለ ዕቃ ይገዛል፤ የገዛውን ወደ መርካቶ ያደርሳል፤ በምናለሽ ተራ የእጅ ባለሙያዎች ውዳቂውን ቀጥቅጠው፣ ቆራርጠው አዲስ ዕቃ ያወጡበታል። ይህ ሥርዓት ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ከተማይቱም ከምታስወጣው ቆሻሻ ብዙው ወደ መጣያ ሳይሄድ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው በእነዚህ ሰዎች ድካም ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ የተሠራው ለድስት፣ ለቆርቆሮና ለጠርሙስ ነው። የብረት በርሜል ሲቆረጥ የሚቀር መርዝ አነስተኛ ነው፤ ሞኒተር ሲፈታ ግን መዳቡ ተሸጦ እርሳስ ያለበት መስታወት ይቀራል። መስታወቱን የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ የሚጣለው በቅርብ ባለው ጥግ ነው።

በሌላ በኩል በመሥሪያ ቤቶችና በትምህርት ተቋማት ያረጁ ኮምፒውተሮች በመጋዘን ተከማችተው ይቆያሉ። ይህ ክምችት ብዙ ጊዜ እንደ ንብረት አስተዳደር ድክመት ይታያል። ከጤና አንጻር ግን በደረቅ መጋዘን የተቀመጠ፣ ያልተሰበረ ሞኒተር ጉዳት አያደርስም። ወሳኙ ጊዜ የመጋዘኑ በር የሚከፈትበት ነው። ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ አሸናፊው ከፍተኛውን ዋጋ ያቀረበው ነው። ሁለት ተጫራቾች ቢቀርቡ፣ አንደኛው መዳቡን ወስዶ የቀረውን ለመጣል ያሰበ፣ ሁለተኛው መስታወቱንና ባትሪውንም በአግባቡ ለማስወገድ ወጪ የሚያወጣ ቢሆን፣ ከፍተኛውን ዋጋ ሊያቀርብ የሚችለው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ወጪውን ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ዋጋ ብቻ የሚመዘንበት ጨረታ፣ ማንም ሳያስበው፣ መርዙን በየጥጉ የሚጥለውን ገዢ ይመርጣል። መሥሪያ ቤቱ በዚህ መንገድ ያገኘው ተጨማሪ ብር በኋላ የሚከፈለው በሌላ ሰው ልጅ ጤና ነው።

ክልከላ ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን የጋና ተሞክሮ ያስረዳል። በአክራ የሚገኘው የአግቦግብሎሺ የውዳቂ ገበያ ገመድ በማቃጠል ሥራው በዓለም ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 መንግሥት ቦታውን አፈረሰው፤ ሠራተኞቹ ግን ሥራቸውን ይዘው ወደ ሌሎች ሠፈሮች ተበተኑ። የሚሸጥ መዳብና የሚበላ ቤተሰብ እስካለ ድረስ ሥራው ቦታ ይለውጣል እንጂ አይቆምም።

የተሻለው መንገድ ሥራውን በሁለት መክፈል ነው። ኮምፒውተርን በእጅና በመፍቻ መበታተን ብዙ የሰው ጉልበት የሚፈልግ፣ እሳትም አሲድም የማያስፈልገው ሥራ ነው፤ በአገር ውስጥ ሊከናወን ይችላል፣ የሥራ ዕድልም ይፈጥራል። ከሰርኪዩት ሰሌዳ ወርቅና ሌሎች ብረቶችን ማውጣት ግን ጭሱን የሚያጣራ ትልቅ ማቅለጫ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያሉ ማቅለጫዎች ቤልጂየምን በመሳሰሉ ጥቂት አገሮች ይገኛሉ። ሰሌዳው ሳይነካ ተጠራቅሞ ወደዚያ ቢላክ ከአሲድ ገንዳ ይልቅ ብዙ ወርቅ ያስገኛል፤ ገቢውም መስታወቱንና ባትሪውን ለማስወገድ ለሚያስፈልገው ወጪ መደጎሚያ ሊሆን ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን ሰሌዳውና መስታወቱ በአንድ እጅ ሥር መቆየት አለባቸው።

ከዚህ በመነሣት አንድ መሥሪያ ቤት ያለ ተጨማሪ ሕግ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በመጋዘኑ ያለውን ንብረት ሲመዘግብ «ኮምፒውተር» በሚል አንድ ስም ሳይሆን ባለ ሆድ ሞኒተር፣ ጠፍጣፋ ሞኒተር፣ ዋና ክፍልና የዩፒኤስ ባትሪ ብሎ በየዓይነቱ መለየት ነው። ሁለተኛ፣ ሲያስወግድ ገዢው የማይሸጠውንም ክፍል አብሮ እንዲረከብና የት እንዳደረሰው በሰነድ እንዲያሳይ በጨረታው ሰነድ መጠየቅ ነው። ሦስተኛ፣ አዲስ የዩፒኤስ ባትሪ ሲገዛ ሻጩ አሮጌውን መልሶ እንዲረከብ በውሉ ማስገባት ነው። አራተኛ፣ ያልተሰበረ ሞኒተር እንዳይሰበር መጠበቅ ነው፤ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ወደ ግቢ የተወረወረ ሞኒተር ያን ቀን አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል። ለቆራሌውም ቢሆን ያልተቃጠለ ገመድና ያልተከፈተ ባትሪ ከተቃጠለውና ከተከፈተው የተሻለ ዋጋ የሚያወጣበት ገዢ ቢኖረው እሳት የሚያነድበት ምክንያት ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

በኮምፒውተር ክፍሎች ውስጥ ያለው እርሳስ ከሦስት ምንጮች ይመጣል፦ በግራም ከሚለካው ብየዳ፣ በኪሎ ግራም ከሚለካው የሞኒተር መስታወትና እንዲሁ በኪሎ ግራም ከሚለካው የዩፒኤስ ባትሪ። ዓለም አቀፉ ገደብ የመጀመሪያውን በእጅጉ ቀንሷል፤ ሁለተኛው ከምርት ወጥቶ በክምችት ቀርቷል፤ ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ በየቢሮው እየተገዛ ነው። ሦስቱም ሳይፈቱ እስካሉ ድረስ ተጠቃሚውን አይጎዱም። ጉዳታቸው የሚደርሰው መሣሪያውን ተጠቅሞበት በማያውቅ ሰው ላይ፣ ከሁሉም በላይ በሕፃን ላይ ነው።

ስለዚህ የአንድ ኮምፒውተር አገልግሎት የሚያበቃው ሲበላሽ ወይም ከመዝገብ ሲሰረዝ አይደለም። የሚያበቃው የመጨረሻው ገመድ፣ የመጨረሻው ባትሪና የመጨረሻው የመስታወት ስባሪ የት እንደደረሰ ሲታወቅ ነው። ኮምፒውተሩን የገዛው መሥሪያ ቤት የሚሸጠውን ክፍል ዋጋ እንደሚጠይቅ ሁሉ የማይሸጠውንም ክፍል መድረሻ ሊጠይቅ ይገባል።